የጋቢናው ምንጣፍ

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባለቤቴን ይዤ ከአባቷ ግቢ መውጣት። ግቢው ጅማ፣ ጅሬን ዳገቱ ላይ ነው፤ እኛ የምንኖረው ከትልቁ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እንዲያውም ደጎች ናቸው፣ ችግሩም እሱ ነው። ከክፉ ሰው ቤት ተጣልቶ መውጣት ይቻላል። እኔ ግን ጥርሴን ስቦርሽ እንኳ ከበረንዳው "ሻይ ቀርቧል፣ ና!" የሚል ድምፅ ይጠብቀኛል። ከባለቤቴ ጋር ስንጣላ በሹክሹክታ ነው፣ ስንታረቅም በሹክሹክታ።

ፊዚክስ የማስተምረው ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሸቤ ከተማ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አግኝቼ ነበር፤ አከራዩ የሥራ ባልደረባዬ አጎት ስለሆነ ለሌላ ሳይሰጥ ጥቂት ጊዜ እንዲታገሰኝ ለምኜዋለሁ። ባለቤቴ ቤቱን አይታ መጋረጃውን ሳይቀር በልቧ ሰቅላለች። ግን፣ "አባ ዱዓ አድርገው ካልሸኙኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አለች። ልጅ ያለ አባቷ ምርቃት ጎጆ አትወጣም፤ እሱን ላስጥላት አልሞከርኩም።

አማቴ፣ ማለትም አባቷ፣ ሸቤ አጠገብ የቡና ማሳ አላቸው። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል። ስለዚህ ጠዋት በሳቸው መኪና እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ጋቢና ይቀመጣሉ፤ ማሳቸው ጋ አወርዳቸውና ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ይዣቸው እመለሳለሁ። መኪናዋን ከሳሎናቸው ለይተው አያዩዋትም። የወንበሮቹን ላስቲክ ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ አላስወለቁም። የሚሳፈር ሁሉ በሩ ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ጫማው በፌስታል ይታሰርና ከኋላ ይቀመጣል። እኔም ፍሬን የምረግጠው በካልሲ ነው። አንድ ቀን አንድ ጎረቤታቸው ከሸቤ ሲሳፈሩ መስጊድ የሚገቡ ይመስል ጫማቸውን አስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን አስቀምጠው ገቡ፤ ትዝ ያላቸው ጅሬን ደርሰን እግራቸውን ሲያወርዱ ነው። እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። አማቴ ግን ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ "ቢያንስ ሞኬቱ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ሞኬቱ ማለት ከመኪናዋ ወለል ጋር ተጣብቆ የመጣው ግራጫ ምንጣፍ ነው። የኔ እስራትም በሱ በኩል መጣ። ባለፈው ክረምት በጋቢናው በኩል እየራሰ ይገኝ ጀመር፤ ሽታም አመጣ። ጅማ ደግሞ ክረምቱ ገባ እንጂ ወጣ የሚባልበት አገር አይደለም። አማቴ አመሻሽ ላይ በሩን ከፍተው ሞኬቱን በመዳፋቸው ይጫኑና ወደኔ ይዞራሉ።

"መስኮት ሳትዘጋ ነው ያቆምካት።"

"ዘግቻለሁ አባ።"

"እንግዲያው ካልሲህ ነው። እርጥብ መሬት ረግጠህ ትገባለህ።"

"የኔ ካልሲ እርስዎ ጋ እንዴት ይደርሳል?"

"ውሃ ወደ ዝቅታ ነው የሚሄደው። መኪናዋ ወደኔ ታዘነብላለች። ፊዚክስ አይደል እንዴ የምታስተምረው?"

ጨርቅ አምጥቼ ሞኬቱን መጥረግ ጀመርኩ።

የሸቤውን ቤት ነገር ባነሳሁ ጊዜ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተቀመጠበት፣ እንዲህ አሉኝ፤ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የአንዲት መኪና ወለል ማድረቅ ያቃተህ ሰው ልጄን ከዝናብ እንዴት ትጠብቅልኛለህ? ሞኬቱ አንድ ወር ሙሉ ደርቆ ይታየኝ። ያኔ ዋላሂ ራሴ ዱዓ አድርጌ እሸኛችኋለሁ።" ባለቤቴ በደስታ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። እኔን ግን ውርደቱ አንገበገበኝ። ዲግሪ ይዤ፣ ትዳር ይዤ፣ መውጫዬ በአንድ ክንድ ምንጣፍ ላይ ተንጠለጠለ።

በማግስቱ ገበያ ወጥቼ የጎማ ምንጣፍ ገዛሁ፤ ለዝናብም ለጭቃም የሚሆነውን፣ ጠርዙ እንደ ትሪ ከፍ ያለ፣ መሀሉ ቦይ ቦይ ያለው። የፈሰሰበትን እዚያው ይዞ ያቆያል እንጂ ወደ ሞኬቱ አያሳልፍም። አማቴ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ።

"ውሃው ታዲያ ከላይ ይታያላ?"

"አዎ አባ፣ ይታያል። አውጥቶ መድፋት ብቻ ነው" አልኩ በኩራት።

እጃቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ገቡ። ያን ጊዜ ነገሩ ምንም አልመሰለኝም።

ሌላም ምንም ያልመሰለኝ ነገር ነበር። ድሮ፣ መንገዳችን ላይ ያለችው ሰቃ ከተማ እንኳ ሳንደርስ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ "እስቲ አንዴ አቁምልኝ" ይሉኝ ነበር። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ስለሆነ ሰዓቴን እያየሁ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። አንድ ጠዋት፣ "አባ፣ ዛሬም?" የሚል ቃል አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ አቁም ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም በጊዜ በመድረሴ ተደስቼ ነበር።

ጎማው ሥራውን ሠራ። ባለቤቴ በየቀኑ ካላንደሩ ላይ አንዲት ክብ ትስላለች። መኪናዋ ግቢ ስትገባ እሷና እናቷ ይወጣሉ፤ እናቷ ምንጣፉን አንስተው ሞኬቱን ይዳስሱና "ደረቅ!" ይላሉ፣ ባለቤቴ ለቀልድ እልል ትላለች። ጎማው ላይ የተጠራቀመውን እኔ አጥር ሥር እደፋለሁ። የዝናብ ውሃ ነው እያልኩ፣ ሳላይ፣ ሳላሸት። ሃያ ስምንት ክብ ሆነ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ፀሐይ ስታቃጥል ዋለች፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ስንመለስ ቡና የጫነ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋውና ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። በግራም በቀኝም ሰው፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ። አማቴ የበሩን እጀታ ጨብጠው ወደ ውጭ ያዩ ነበር። እኔ የፈተና ወረቀት እያረምኩ በልቤ የሸቤውን ቤት ቀለም እቀባለሁ።

ግቢ ገብተን ሞተሩን አጠፋሁ። አልወረዱም።

"አንተ ግባ" አሉኝ። "እኔ ትንሽ ልቀመጥ።"

ያን ጊዜ ወደ ታች አየሁ። በጎማው ቦዮች ውስጥ ፈሳሽ ተኝቷል። ካልሲያቸው ርሷል፤ በወንበሩ ላስቲክ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። የክረምቱ እርጥበት ሁሉ፣ ያ ሁሉ ወቀሳ፣ በአንድ ጊዜ ገባኝ። በጣም ተናደድኩ፣ ያውም ከሳቸው ይልቅ በራሴ፣ ባመለጠኝ "ዛሬም?" ምክንያት።

ባለቤቴና እናቷ እየሳቁ ግቢውን አቋርጠው ይመጣሉ። ከጎማው ሥር ያለው ሞኬት ደረቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ብወርድ ሃያ ዘጠነኛው ክብ ይሣላል። ግን እናቷ ምንጣፉን ሊያነሱ ነው፤ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ይህ ከየት መጣ ሊሉ ነው። አማቴ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም፤ እየለመኑኝ ነበር።

ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ሁልጊዜ የሚይዟት ትንሽ የውሃ ጀሪካን እግራቸው መሀል ነበረች፣ እስከ አፏ የሞላች። ክዳኗን ፈታሁና እግራቸው ላይ ደፋኋት። ውሃው ቦዩን ሞላ፣ ጠርዙን ተሻገረ፣ ሞኬቱ ውስጥ ገባ። ሱሪያቸውንም በእጄ እየረጨሁ አራስኩት።

"ውይ! ላነሳላቸው ስል አመለጠኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"ሁለት ቀን ቀርቶን!" አለች ባለቤቴ። እንባዋ መጣ። "ሁለት ቀን!"

አማቴ ቀስ ብለው ወረዱ። "ሆማ ሚቲ፣ ምንም አይደለም። ውሃ ነው" አሉ። ከዚያ ትከሻዬን ያዙ። ለሁሉም እንዲሰማ፣ "ከእንግዲህ ከሱ በቀር ማንም ይህችን መኪና እንዳይነዳ" አሉ።

ለቤተሰቡ ይቅርታ መሰለው። እኔ ግን በር ሲቆለፍብኝ የሰማሁ ያህል ደነገጥኩ። በዚያች ቅጽበት ወደድኳቸውም፣ ጠላኋቸውም።

ስለ ወሩ ዳግም አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። እኛ ሸቤ ብንገባ ማን ይነዳቸዋል? ሌላ ሹፌር ቢመጣስ ምንጣፉን ማን ያነሳል? ቤቱን ሌላ መምህር ተከራየው። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ አባቷ ናቸው። ይህንም የምጽፈው እሷ በማትከፍተው ደብተር ላይ ነው።

አሁን መንገድ ላይ ሳልጠየቅ ሦስት ቦታ አቆማለሁ፤ "ጎማውን ልየው" እላለሁ። "እየው፣ እየው" ይሉና እሳቸውም ወርደው ወደ ቁጥቋጦው ይሄዳሉ። አመሻሽ ላይ ምንጣፉን አውጥቼ በሳሙና አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣዋለሁ። ትናንት ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ጎንበስ ብላ ሞኬቱን በመዳፏ ጫን አደረገችው።

"ደረቅ ነው" አለች። "ያኔ የት ነበር ይሄ ጥንቃቄህ?"

ምንጣፉን አራግፌ ወደ ቦታው መለስኩት።