ዘመድ የለውም ብዬ የጻፍኩለት ወንድሜ

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። አንባቢዬ፣ ፊትዎን ስለማላይ ለእርስዎ ልናገር።

ወንድም አለኝ፤ ይመር ይባላል። አካሉ ጎረመሰ እንጂ አእምሮው እንደ ሕፃን ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ደግሞ ሌላ ሕመም ተጨመረበት፤ ያለቅሳል፣ ግድግዳ ይደበድባል፣ እንቅልፍ የለውም። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያሉትን እያኖረ የሚያክም ማዕከል አለ። የሚቀበለው ግን ጧሪ የሌላቸውን ብቻ ስለሆነ የቀበሌ ደብዳቤ ይጠይቃል። በምንኖርበት በመካነ ሰላም የቀበሌው ጸሐፊ ማን ነበረች? እኔ።

«ዘመድ የሌለው መሆኑን እናረጋግጣለን» ብዬ ጻፍኩ። ከሌሎች ወረቀቶች መሃል ሸጉጬ ሊቀመንበሩን አስፈረምኩ፤ ማኅተሙን ራሴ መታሁ። ለጎረቤት ጠበል ላስገባው ነው አልኩ። ደክሞኝ ነው እላለሁ ለራሴ። ውሸታም! ልዳር ነበር። የባሌ ሽማግሌዎች ዘር ሲቆጥሩ ይመርን እንዳያዩብኝ ነው።

ወደ ደሴ ስወስደው አቀስታ ላይ መኪናው ሲቆም ብርድ ብሎት የነጠላዬን ጫፍ ጨበጠ።

«እታለም፣ መች ነው የምንመለስ?»

«አብሽር፣ ነገ» አልኩት።

ማዕከሉ በር ላይ እታለም እያለ ሲያለቅስ ነርሷ «እህቱ ነዎት እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ እኔ የቀበሌ ሠራተኛ ነኝ። እሱ ሴቱን ሁሉ እታለም ነው የሚል።»

እንዲህ አልኩ፤ እየሰማኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ፤ አሁንም በቀበሌ ስም። ነርሷ ደስ ብሏት ተቀበለችኝ።

«በጣም ተሽሎታል። መጀመሪያ እህት አለችኝ እያለ አስቸገረን። ደብዳቤው የለውም ስለሚል፣ የለህም እያልን ቀስ በቀስ አስተውነው።»

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እኔን አምነው ነው።

ይመር ወፍሯል፤ ልብሱም ንጹሕ ነው። እንዳየኝ ሮጦ መጥቶ የነጠላዬን ጫፍ ያዘ። ከዚያ ነርሷን አየና ለቀቀው።

«እህት የለኝም» አለ።

«ጎበዝ» አለችው።

እኔስ? አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዝም ብዬ ወጣሁ፣ ዝም ብዬ መካነ ሰላም ገባሁ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ።

እርስዎን ይፍቱኝ አልልም። የበደልኩት ይመርን ነው። እሱን ማረኝ ለማለት ደግሞ አስቀድሜ እህትህ ነኝ ማለት አለብኝ፤ እንዳያምነኝ ያደረግኩትም እኔው ነኝ።