ሁሉም በደረቁ

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሳንዱች የሠራችው ሴት ስም አላት፤ ግን ማን ጠርቷት። «እትዬ ማዮኔዝ» ነው የሚሏት፤ እሷም አቤት ትላለች። ማዮኔዙን የምትመታው በእጇ ነው። አስኳሉን ለይታ፣ ዘይቱን በቀጭኑ እያንቆረቆረች፣ ሎሚና ሰናፍጭ ጠብ አድርጋ ትቀምሰዋለች። መለኪያ የሚባል ነገር አታውቅም፤ መለኪያዋ ምላሷ ነበር።

የሰዉንም አመል አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ወረቀት ቆራጩ ማዮኔዙ በዳቦው ጠርዝ ካልፈሰሰ የበላ አይመስለውም። ጥበቃው ከካቻፕ ጋር ደባልቆ ጭቃ ያደርገውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሥራዬን አታበላሽብኝ» ብላ ትቆጣዋለች። የልብ ጓደኛዋ ጠራዧ ደግሞ ዳቦም አትፈልግ፣ በማንኪያ ትልሰዋለች። ማዮኔዝ የማይወድ «በደረቁ» ይላል፤ እንዲህ የሚል በቀን አንድ ሰው ቢገኝ ነው።

ታዲያ አንድ ክፉ ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑስ ለቀቃት፤ ጣዕምና ሽታዋን ግን ይዞባት ሄደ። ሐኪሙ «አንዳንዴ ይመለሳል» አላት። ይሄም መልስ ሆኖ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የክበቡ ኃላፊ የፋብሪካ ማዮኔዝ በባልዲ ላስመጣ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ይህን ከሰማ በማግስቱ ዕቃ አጣቢ ያደርጋታል። እሷ ደግሞ ያን ጠረጴዛ ለቅቃ መኖርን አታውቅበትም። ስለዚህ በማንኪያ እየለካች ትመታ ጀመር። ሎሚ እንደሁ አንዱ ካንዱ አይገጥም፤ ለካችም አልለካችም ያው ነው።

በአራተኛው ሳምንት ጥበቃው መጣና «ዛሬ በደረቁ» አለ። ሐኪም ቅባት ቀንስ ብሎት ነው አሉ። አዘነችለት። በማግስቱ ወረቀት ቆራጩ፤ እሱንም ሐኪም። ከዚያ የማሽን ክፍሉ እንዳለ። መቼም ያ ሁሉ ሰው ባንድ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ተሰልፎ አይውልም። ገባት። አውቀውባታል፤ አውቀውም ዝም ብለውላታል። ደረቅ ዳቦ በሻይ እያወራረዱ «እጅሽ ይባረክ» ይሏታል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠራዧን ጓዳ አስገብታ በር ዘጋች።

«ምላሴ ሞቷል። ታውቂያለሽ አይደል?»

ጠራዧ አንገቷን ደፋች። «እናውቃለን እህቴ።»

«እንግዲያው አንቺ ቅመሺልኝ። ምን እንደጎደለው ንገሪኝ፤ እኔ አስተካክላለሁ።»

ጠራዧ ቀመሰች። «ሎሚ ያነሰው መሰለኝ።»

ጠብ አደረገችበት። «አሁንስ?»

«በዛ መሰለኝ።»

ጨው ነሰነሰች። «አሁንስ?»

«ይሻላል። ቆይ… እንጃ።»

ዘይት ጨመረች፤ ሰናፍጭ ጨመረች፤ በየጊዜው ማንኪያውን ታቀብላታለች። ጠራዧ ለስምንተኛ ጊዜ ቀመሰችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምነው? መረረ እንዴ?»

«አልመረረም።» ማንኪያውን አስቀመጠች። «ይቅር በይኝ እህቴ። ይሄን ሁሉ ስቀምስ ያንቺ እንዴት እንደነበር ጠፋብኝ።»