የዶሃ ባሕር በየት በኩል ነው?

ፈይዛን ያዋረድኳት በገበያ ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ነው። ማን እንደነበረች አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ያደረግሁት ነገር ክብደቱ አይገባችሁም።

ፈይዛ የመካነ ሰላም ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍልን ሳትጨርስ ደላላ ወደ ዶሃ ላካት፤ ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ በ2001 ዓ.ም. ተመለሰች። ይዛው የመጣችው አንድ ሻንጣና አረብኛ ቋንቋ ነበር። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሙሐሲን ዲሽ ባስገባ ሰሞን ቀጠራት፤ ለሻይ ማቅረቡ ብቻ ሳይሆን ለአረብኛውም ጭምር። በዚያ ዓመት አንድ የአረብ ተከታታይ ድራማ ከተማችንን እንዳለ ይዞት ነበር። ፈይዛ ትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆምና እየተረጎመች፣ «አባቷ፣ እሱን ካገባሽ ልጄ አይደለሽም አላት» ትላለች። ይኼኔ ጎልማሳው ሁሉ ይቆጣል።

የድራማው ከተማ ግን ስም የለውም። ሰዎቹ «መዲና፣ መዲና» ይላሉ እንጂ ስሙን አንድ ቀን አይጠሩትም። ሼህ ጀብሪል መጀመሪያ ቀን «አስተግፊሩላህ! መዲና ላይ ፀጉሯን ገልጣ?» ብለው በቁጣ ብድግ ሲሉ፣ ፈይዛ «ሼሁ፣ በአረብኛ መዲና ማለት ከተማ ማለትም ነው» ብላ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ወዲያ «ታዲያ አገሩ የት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የሻይ ቤቱ ሥራ ሆነ።

እኔ አድማሴ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ዲሹ ከመምጣቱ በፊት ስለ ዓለም የሚጠየቀው እኔ ነበርኩ። ከአጅባር እህል ጭኖ የመጣ ነጋዴ እንኳ ጃፓን የት እንደሆነች ሳይጠይቀኝ አይሄድም። አሁን እዚያው ተቀምጬ ሁሉም አንገቱን የሚያዞረው ወደ ፈይዛ ሆነ። ቀናሁ። ስሙ ሌላ ነው ብል ውሸት ነው።

ከጠያቂዎቹ አንዷ እማማ አልታዬ ናቸው። በየገበያው የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ይመጣሉ። አንድ ልጃቸው ስመኝ፣ ፓስፖርቷ ላይ ሰሚራ ተብላ ዶሃ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ከደወለች ደግሞ አሥራ አንድ ወር። አንድ ቀን ጨው ገዝተው ሲመለሱ በሻይ ቤቱ በር አሻግረው ቴሌቪዥኑን አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ ስመኝ ያለችበት አገር ነው እንዴ?» አሏት። ፈይዛ ቴሌቪዥኑን አየች፤ እሳቸውን አየች።

«አዎ እማማ፣ ዶሃ ነው» አለቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ አልታዬ ገበያ ቀርተው አያውቁም። ፍቅረኞቹን አያዩም፤ ማን ማንን እንደከዳ ግድም የላቸው። የሚያዩት ከኋላ የሚያልፈውን መንገደኛ ነው። «ቆዩ ቆዩ! ያችን ባለ ጥቁር ልብሷን መልሷት!» ይላሉ። እንደማይመለስ ይነገራቸዋል። «ግራ ትከሻዋን ጣል ታደርጋለች፤ የስመኝ አረማመድ ነው» ይላሉ፤ ከዚያም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸው ፈክቶ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

እኔ ደግሞ ፀሐይዋን ተመለከትኩ። በድራማው በየክፍሉ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ከሥራ ወጥታ ባሕሩ ዳር ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ባሕር ውስጥ ትጠልቃለች። ከከተማው ጀርባ አናቱ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። አትላሴን ገለጥኩ። ባሕሩ በምዕራብ፣ በረዶው በምሥራቅ፣ ቋንቋው አረብኛ! ጣቴ ሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ሄዶ አረፈ። ስሟን ያልነገሩንን ከተማ እዚሁ መካነ ሰላም ተቀምጬ አገኘኋት ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ለመናገር የገበያ ቀንን የመረጥኩት ሰው ስለሚበዛ ነው። እማማ አልታዬም እዚያ እንደሚገኙ አውቅ ነበር። ይኼንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ድራማው ሲያልቅ አትላሱን ከፍ አድርጌ ተነሣሁ። «ይኼ ዶሃ አይደለም! ዶሃ ባሕሯ በምሥራቅ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ከባሕር ትወጣለች እንጂ ባሕር አትገባም። በረዶ የሚባልም ነገር የላትም።» ሰዉ አጨበጨበ። በዚያ ሞቅታ ወደ ፈይዛ ዞርኩና፣ «አንቺ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትኖሪ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ አላየሽም?» አልኳት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ትሪዋን አጥብቃ ያዘች። «አላየሁም መምህር» አለች። «ከቤት ወጥቼ አላውቅም።»

አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። ሌላው፣ «ታዲያ አገሩን አውቃለሁ ስትይን የከረምሽው ማድቤቱን ኖሯል?» አላት። እማማ አልታዬ ግን እኔን ነበር የሚያዩት።

«እንግዲያ ስመኝ እዚህ የለችም?»

«የለችም» አልኩ፤ የተማሪ ስህተት በማርምበት በዚያው ድምፅ።

እማማ የጨው ዘንቢላቸውን አንሥተው ወጡ። በሚቀጥለው ገበያ አልመጡም። በሌላውም አልመጡም። ዋናው ነገር እውነት መናገሬ ነው እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ ግን አልሆነልኝም። በመጨረሻ ፈይዛን ይቅርታ ልጠይቃት ወደ ጓዳ ገባሁ። ውሃ ማፍያውን እየሰካች ነበር።

«ሳላውቅሽ አዋረድኩሽ» አልኳት።

«ዶሃ እንዳልሆነ እኔም አውቅ ነበር መምህር» አለች፣ ሳትዞር። «በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ድራማው ላይ ሴትየዋ ካውያ ስትሰካ ሶኬቱን አየሁት። ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው፣ እንደዚህኛው። እኔ የነበርኩበት ቤት ሦስት ጠፍጣፋ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ላይ ካውያ ሰክቻለሁ፤ እንዴት ይጠፋኛል?»

እኔ ስንት ቀን አትላስ አገላብጬ የደረስኩበትን እሷ በአንድ ሶኬት ጨርሳዋለች።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ? አውቃለሁ ብትዪ ማን ይስቅብሽ ነበር?»

«አውቃለሁ ብል እማማ አልታዬ አውቄ እንደዋሸኋቸው ይገባቸዋል» አለች። «ሳታውቅ ነው ይበሉኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እማማ ቤት ሄጄ ይቅርታ እንደምጠይቅ ስነግራት፣ «ብቻዎን አይሂዱ» ብላ ተከተለችኝ። መንገድ ላይ ስለዚያ ቤት ጥቂት ነገረችኝ፤ ትተኛበት የነበረው ክፍል መስኮት አልነበረውም።

እማማ አልታዬ በር ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅሙ ነበር። «ኑ፣ ግቡ፣ ደህና ናችሁ?» አሉን፤ ነገሩን አላነሡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ይቅርታ ልጀምር ስል እጃቸውን ከገብሱ አወጡና ቀና አሉ።

«መምህር፣ ያን ዕለት የእነስመኝ ባሕር በምሥራቅ ነው አላሉም?»

«ብያለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ፀሐይ እነሱ ጋ ወጥታ ነው ወደኛ የምትመጣው?»

«አዎ። አንድ ሰዓት ያህል ትቀድመናለች።»

«እንግዲያ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ ስትወጣ፣ ስመኝ መስኮቷ ላይ ሆና ታያታለች?»

ፈይዛ አቀርቅራ ገብሱን ትለቅም ጀመር። እኔ በሕይወቴ የተሳሳተ መልስ ሳላርም አልፌ አላውቅም።

«ታያታለች፣ እማማ» አልኩ። «በየቀኑ ታያታለች።»