ማዳም ማን ቀደመ

የፈረንሳይኛ መምህርቷን ፊት ለፊት የሚያናግራት ሁሉ «ማዳም» ይላታል። ጀርባዋን ስታዞር ግን ስሟ «ማን ቀደመ» ነው። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ዛሬ ወልደው ከብደዋል፤ ልጆቻቸውም በተራቸው እዚያው ክፍል ተቀምጠው እሷኑ ያማሉ። እሷም ታውቃለች። አውቃ እንዳላወቀች መሆን ከሚያስደስቷት ነገሮች አንዱ ነው።

ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰዎች ቢጋፉ፣ ሁለት ጎረቤቶች በልብስ ማስጫ ገመድ ቢጣሉ፣ ከአፏ የሚወጣው ያው ነው፦ «ቆይ፣ መጀመሪያ ማን ቀደመ?» ይህ አመል የተጣባት ከአንድ የሰዋስው ሕግ ነው። ሰው ከጓደኛ ሱስ ይማራል፣ እሷ ከሰዋስው ተማረች።

ሕጉ እንዲህ ነው። በፈረንሳይኛ ስላለፈ ድርጊት ሲጻፍ፣ የድርጊቱ ቃል የዘወትር ልብሱን እንደለበሰ ቁጭ ይላል። «ፖም በላሁ» ቢባል ምንም አይለወጥም፤ ፖሟ እዚያ አገር ቋንቋ ከድርጊቱ ኋላ ነው የምትመጣው፣ ማን አይቷት። ነገሩ ተገልብጦ ፖሟ ቀድማ ከመጣች ግን፣ «ፖሟ፣ ያቺ የበላኋት» እንደ ማለት፣ የድርጊቱ ቃል ብድግ ብሎ እንደ እሷ መልበስ አለበት፤ ሴት ከሆነች የሴት፣ ብዙ ከሆኑ የብዙ። የሚያናድደው ደግሞ ይህ ሁሉ ለውጥ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ጆሮ አይሰማውም። በጽሑፍ ብቻ ነው የሚታየው። ማንም የማይሰማውን ነገር ተጠንቅቆ መሥራት ምን ያህል ተማሪ እንዳስለቀሰ ግድግዳው ይመስክር። ባለቋንቋዎቹ ራሳቸው ሲስቱት ይውላሉ ትላለች፤ ይህን ስትል ደስታዋን ለመደበቅ እንኳ አትሞክርም።

እሷም ብትሆን ወጣት መምህርት ሳለች ሕጉን ሸምድዳው እንጂ ገብቷት አልነበረም። የገባት ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ጉርድ ቀሚስ ልታሳጥር ሄዳ ወረፋ ስትጠብቅ፣ የአንድ ሙሽራ አጎት ልብስ ሰፊውን ይጮኽበታል፤ የታዘዘው ሙሉ ልብስ ሙሽራው ላይ ጆንያ መስሏል። ልብስ ሰፊው ከአፉ መርፌውን ሳያወጣ፣ ረጋ ብሎ መለሰ። «ሰውየው ቀድሞ ቢመጣ በልኩ እሰፋ ነበር። እናንተ ልብሱን አዛችሁ ሰውየውን ኋላ አመጣችሁት። ኋላ ለመጣ ሰው ልክ የለም፤ የተሰፋውን ይልበስ።»

መምህርቷ ቀሚሷን እዚያው ጥላ ወጣች። ዓመት ሙሉ አልከፈት ያላት ነገር መንገድ ላይ ወለል ብሎ ታያት። በማግስቱ ቀሚሱን ለመውሰድ ተመለሰች፣ ወስዳም እንደገና ይጠርልኝ ብላ ተመለሰች፣ ከዚያም እንደገና። ቀሚሱ አጥሮ አጥሮ ሰው ፊት የማይለበስ ሲሆን ሁለቱም ነገሩ የቀሚስ እንዳልሆነ ተግባቡ። ኋላ ላይ፣ የተናገርከው እኮ የፈረንሳይኛ ሕግ ነው ብላ ስትነግረው፣ እሱ ጥቂት አሰበና ፈረንሳዮቹም ልብስ ሰፊዎች ናቸው ማለት ነዋ አላት።

በሠርጋቸው ቀን ሙሽራው ዘገየ። የሌላ ሙሽራ ኮት ሲጨርስ ነው የቆየው። እጅጌው ላይ ክር ተንጠልጥሎ አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ ሙሽሪት ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። «ኋላ ለመጣ ሰው ልክ የለም» አለችው። እንግዶቹ ጋብቻው ገና ሳይጀመር አለቀ ብለው ተሳቀቁ፣ እሱ ብቻ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ከሥራ ሲገባ ተነስታለት አታውቅም። እሱም በሩን አንኳኩቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንገቱን ብቅ አድርጎ መቀመጧን ያረጋግጥና ይገባል። የቤታቸው ጨዋታ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ጨዋታ አልነበረም። የልብስ ሰፊ ሚስት በልኳ የተሰፋ ልብስ ኖሯት አያውቅም። የምትለብሰው ደንበኞች አዝዘው ያልወሰዱትን ነው። አንዱ ትከሻው ይሰፋል፣ አንዱ ወገቡ ይይዛል፣ የአንዱ እጅጌ ጠመኔ ስትይዝ ጣቷን ይውጠዋል። ባሏ ሥራ ቀለል ሲል እሰፋልሻለሁ ይላታል፤ ሥራ ደግሞ ቀለል ብሎ አያውቅም። በዚህ ትቀልድበታለች፣ ስትቀልድም ያማታል። ሁለቱም እውነት ነው።

ክፍል ውስጥ ሕጉን የምታስተምረው በመጽሐፍ ሳይሆን በበር ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ የድርጊቱ ቃል ናቸው። አንዱ ወደ ውጭ ይላክና ዕቃ ይዞ ይገባል፤ ተሸካሚው አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው ዕቃው ነው። ማዳም ጠረጴዛውን ታንኳኳለች፤ ማንኳኳቱ፣ ጠረጴዛም ይሁን በር፣ የድርጊቱ ቃል ቦታ ነው። ዕቃው ከመንኳኳቱ በፊት ከገባ፣ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ይላል፤ ዕቃው በፈረንሳይኛ ሴት ከሆነ ደግሞ ሁሉም ከኪሱ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ አውጥቶ አንጓው ላይ ያስራል። ጨርቁ ከባሏ መቀስ ስር የተለቀመ ነው። ከተንኳኳ በኋላ የገባ ነገር ግን ምንም ይሁን ምን እጅን አጣጥፎ ቁጭ ነው። «ከተንኳኳ በኋላ ንጉሥም ቢገባ፣ አባቴም ከመቃብር ተነስቶ ቢገባ፣ ንቅንቅ የሚል እንዳላይ» ትላለች። ተማሪዎቿ ፈተና ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው በሩን እያሰቡ ይጽፋሉ፤ ይህን ሕግ የሚሳሳት ተማሪ ከክፍሏ ወጥቶ አያውቅም።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ግን ክፍሉን ከተመኘው ቆይቷል። ኮምፒውተር ሊያስገባበት ነው። ፈረንሳይኛ የሚመርጥ ተማሪ እየቀነሰ መጥቷል፣ ክፍሉ ደግሞ መስኮቱ ሰፊ ነው። ለበላይ ቢሮ አመለከተ፣ ቢሮውም አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ትምህርቱን አይቶ ይወስናል አለ። ትምህርቱ ከተዘጋ ማዳም ጡረታዋ እስኪደርስ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድባ ጠመኔና መጥረጊያ ታድላለች። ዳይሬክተሩ ይህንኑ ሲነግራት ቅር እንዳይላት ብሎ ግምጃ ቤቱን አሞገሰላት። ሰፊ ነው አላት፣ ብርሃን አለው፣ ከጫጫታ የራቀ ነው። እሷም እርስዎ ለምን አይገቡበትም ልትል ከምላሷ ጫፍ መለሰችው።

ምሳ ላይ ለባሏ ፈራሁ አለችው። ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ቀይ ጨርቅ ልጨምርልሽ እንዴ አላት። ሌላ ማጽናኛ አያውቅም። ከአንድ ደንበኛ ኮት ገበር ተርፎ የቀረውን ምርጥ ቀይ ጨርቅ ሸርክቶ፣ ጠርዙን እየቀመቀመ፣ ለተማሪዎቹ በሙሉ የሚበቃ ሰጣት።

በቁጥጥሩ ቀን ማዳም የበሩን ጨዋታ ከለከለች። ዛሬ መጽሐፍ ነው፣ ዛሬ እንደ ሰው ነው የምንማረው አለች። ተማሪዎቹ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መጽሐፉ ተገለጠ፣ ሰሌዳው ተጠረገ፣ እሷም ለሌላ ሴት የተሰፋ ኮቷን ቆልፋ ቆመች። የዘነጋችው ነገር ቢኖር እንዲህ የለመደ ልጅ ዛሬ ተው ስለተባለ እንደማይተው ነው።

መጀመሪያ የገባው ዘበኛው ነበር። ለተቆጣጣሪው መቀመጫ የሚሆን፣ ከዳይሬክተሩ ቢሮ የተወሰደ ባለከፈይ ወንበር ተሸክሞ ነበር። ወንበር በፈረንሳይኛ ሴት ናት፤ በሩም ገና አልተንኳኳም። ክፍሉ በሙሉ ያለ አንዳች ድምፅ ብድግ አለ። ቀይ ጨርቅ ከየኪሱ ወጥቶ ባንድ ጊዜ አንጓ ላይ ታሰረ። በዕድሜው ሙሉ ሰው ተነስቶለት የማያውቀው ዘበኛ ደንግጦ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወንበሩን አስቀመጠና ለሁሉም እጅ ነስቶ ወጣ። ማዳም «ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ» እያለች በሹክሹክታ ብትለምን የሚሰማት አልነበረም።

ያኔ በሩ ተንኳኳ። ተቆጣጣሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ሳያንኳኳ የትም አይገባም። እንደተንኳኳ ክፍሉ እንደ አንድ ሰው ቁጭ አለ፣ እጅ ሁሉ ተጣጠፈ። ሽበታሙ ተቆጣጣሪ ገባ፣ ዳይሬክተሩም ተከተለው። ማንም አልተነሳም። እዚያ ትምህርት ቤት እንግዳ ሲገባ የማይነሳ ተማሪ ወላጁን ይዞ ነው የሚመለሰው።

ጉድ ፈላ። የዳይሬክተሩ ፊት ቲማቲም መሰለ። «ተነሱ!» አለ። ልጆቹ ግን እሱን አላዩም፤ ሁሉም ዓይን ማዳም ላይ ነበር። አንዲት ቃል ነው የሚፈለግባት። ተነሱ ብትል ሁሉም ይነሳል፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል። ጠመኔው ታያት፣ መጥረጊያው ታያት፣ ያ ብርሃን ያለው ግምጃ ቤት ወለል ብሎ ታያት። ደግሞም እነዚያን የታጠፉ እጆች አየች። ንጉሥም ቢገባ ያለቻቸው እሷ ናት፣ አምነዋት ነው የተቀመጡት።

«አትነሱ» አለች።

ተቆጣጣሪው ቀዩን አንጓ ሁሉ ቃኘ፣ ወንበሩን አየ፣ ከዚያም በር አጠገብ ያለችውን ልጅ ስለምን እንዳልተነሱ ጠየቃት። ልጅቷ በክፍሉ ውስጥ በምላሷ የታወቀች ናት፤ ማዳም በልቧ ምነው ሌላ በጠየቀ አለች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ኋላ ነው የመጡት» አለች ልጅቷ በትሕትና። «ወንበሯ ቀደመችዎት።»

ተቆጣጣሪው ዞሮ ወጣ። ዳይሬክተሩ ይቅርታ እያለ ተከተለው። ማዳም ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደገፈች፤ አለቀ፣ በገዛ አፌ ጨረስኩት አለች በልቧ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ድንገት በሩ ሳይንኳኳ ብርግድ አለና ተቆጣጣሪው ብቻውን ገባ። ክፍሉ ብድግ አለ። ሰውየው ቆሞ አንጓዎቹን ተመለከተ፤ ቀዩ ሁሉ እየተፈታ ነው። ቀዩ የት ሄደ ብሎ ሲጠይቅ ምላሰኛዋ እርስዎ ወንድ ነዎት እኮ አለችው። ወጣ። አንኳኩቶ ገባ፤ ሁሉም ተቀመጡ። ቦርሳውን በበሩ ወርውሮ ውጭ ቀረ፤ ለቦርሳው ተነሱለት። ከዚያ በኋላ ትምህርት የለም፣ በር ብቻ ነው። ሽበታሙ ሰው ከረባቱ ትከሻው ላይ ተጠምዝዞ እየወጣ ሲገባ ላብ ላብ አለው። በመጨረሻ ዳይሬክተሩን የገዛ ወንበሩን አሸክሞ አስገባው። ክፍሉ ብድግ አለ፣ ቀዩ ታሰረ። ዳይሬክተሩ ትንሽ ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ለእኔ ነው አይደል አለ።

«ለወንበሯ ነው» አለች ምላሰኛዋ። «ተሸካሚ አይቆጠርም።»

ደወል ሲደወል ተቆጣጣሪው ላቡን ጠራርጎ ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገር እየጻፈ ልጆቹን ጠየቀ፤ አንድ የሳተ አልነበረም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ለዳይሬክተሩ የተናገረውን ማዳምም ሰማች። «ኮምፒውተሮቹን ግምጃ ቤቱ ውስጥ አስገባቸው። ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው ብለህ ጽፈህልን የለ።»

ማዳም ቤቷ ስትደርስ ባሏ ገና አልመጣም። ለሌላ ሴት የተሰፋ ኮቷን አውልቃ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልቧ ሞልቶ ነበር፤ ብቻዋን ትስቃለች፣ ብቻዋን እንባዋን ትጠርጋለች። አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ፣ ጉሮሮ ተጠረገ፣ ልብስ ሰፊው አንገቱን ብቅ አደረገ።

ሚስቱ ቆማለች።

የያዘው ዳቦ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም። ክፍሌን አልዘጉትም።»

«ተመስገን። ታዲያ ለምን ተነሳሽ? ኋላ ነው እኮ የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ዛሬ ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ልኬን ውሰድ።»

ልብስ ሰፊው ዳቦውን አስቀመጠ። ሁልጊዜ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ሜትር አወረደና ከኋላዋ ቆሞ ከትከሻ ትከሻ ዘረጋው። አየው። እንደገና ለካው። ስንት የማያውቀውን ሰው ትከሻ በዓይኑ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ የእሷ ትከሻ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን አላወቀም ነበር።

«ይህን ሁሉ ዘመን የማንን ትከሻ ነው ያለበስኩሽ?» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አዝዘው ሳይመጡ የቀሩትን ሴቶች» አለችና፣ ወገቧን እንዲለካ እጇን አነሳችለት።