ክፍል አራት ከነሰማያዊ ክሩ

ልጅ እያለሁ ከመርሳ እስከ ውርጌሳ እንደኔ ያለ ሰላይ አልነበረም። የት እንዳለሁ ጥላዬ እንኳ አያውቅም ነበር። የመጀመሪያ ተልዕኮዬ የሒሳብ መምህራችንን ከገበያ እስከ ቤታቸው መከታተል ነበር። ገና ሁለተኛው ዛፍ ጋ እንደተሸሸግኩ ዘወር አሉና «አንተ፣ እዚያ ከምትንቀዋለል ና ይሄን ዘንቢል ያዝልኝ» አሉኝ። እስከ በራቸው ድረስ ፓፓያ ተሸክሜ ተከታተልኳቸው።

ይህን በሽታ ያስያዙን የመርሳው ልብስ ሰፊ ጋሽ ይመር ናቸው። ከደሴ የመጣላቸውን አንድ ወፍራም የስለላ ልቦለድ ለመዋስ ከተማው ሁሉ ተሰለፈ፤ እኔ እንደማስታውሰው የሰልፉ ጭራ ግራና ከተማ ደርሶ ነበር። ንዝንዙ ሲበዛባቸው መጽሐፉን በጨርቅ መቀስ አራት ቦታ ከፈሉት፤ እያንዳንዱንም ክፍል በስፌት መኪናቸው በሰማያዊ ክር ሰፉት። አንዱን የመለሰ ቀጣዩን ይወስዳል። የጨረሰ ላልጨረሰ አይናገርም። «ያወራ ወይ ያጠፋ እንደሆን ወላሂ ሱሪውን አልጠግንለትም!» ብለው አወጁ።

ገጾቹ የማሽን ዘይትና የማንጎ ሽታ ነበራቸው። መርሳ ውስጥ ማንጎ ሳይበላ የሚያነብ ሰው አልነበረም መሰለኝ፤ ሰላዩ ሽጉጡን ሲመዝ ገጹ ከገጽ ተጣብቆ እናገኘዋለን፣ እኛ በጥፍራችን እስክናላቅቅ ሰውየው ሳይተኩስ ይጠብቀናል።

የማነበው ከሰይድ ጋር ነበር። ሰይድ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ አባቱ ሲሪንቃ በሹፌርነት ይሠሩ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ወንዙ ዳር ተቀምጠን ከዳተኛው ማን ይሆን እያልን እንጨቃጨቃለን።

«ጸሐፊዋ ናት» ይላል እሱ።

«አለቃው ነው እንጂ! ጢሙን አላየኸውም?»

«አንተ ደግሞ ጢም ያለው ሁሉ ከዳተኛ ይመስልሃል። ያንተ አባትስ?»

ሦስቱን ክፍሎች እንዲህ ጨረስን። አራተኛውን ልንዋስ ተራ ስንጠብቅ የሰይድ አባት ሥራቸው ወደ ሩቅ አገር ተዛወረ። ቤተሰቡ ቅዳሜ ሊሄድ ሐሙስ ዕለት ክፍል አራት እጄ ገባ። ሁለት ቀን ይበቃን ነበር። ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፦ ሰይድ መጨረሻውን ካወቀ መርሳ ምን ሊያደርግ ይመለሳል? ካላወቀ ግን አያስችለውም፣ ይመጣል። እናም ዓርብ «የታለ?» ሲለኝ «ጠፋብኝ» አልኩት። ፊቱ እንዴት እንደሆነ ዛሬም ይታየኛል።

ቅዳሜ ጠዋት መኪና መሳፈሪያው ጋ ልሸኘው ሄድኩ። ቤት ትቼው እንዳይገኝብኝ ክፍል አራትን በሰላይ ደንብ ከሸሚዜ ሥር፣ ሆዴ ላይ ሻጥ አድርጌዋለሁ። ሰይድ አቀፈኝ። ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። ለቀቅ አደረገኝና ሆዴን አየ፤ ቀጥሎ ዓይኔን አየ። አባቱ ከመኪናው በር እየተጣሩ ነው።

«አብሽር» አለኝ። «ስመጣ አብረን እናነበዋለን።»

ተሳፈረ። ለማንም አልተናገረም። ለጋሽ ይመር አይጥ በላው አልኳቸው፤ እሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ፣ ዓመቱን ሙሉ ሁለቱም ጉልበቶቼ አደባባይ ዋሉ። ከኔ በኋላ ተራ የያዘው የመርሳ ሰው ሁሉ በኔ ምክንያት ከዳተኛውን ሳያውቅ ቀረ።

አሁን ወልድያ ነው የምኖረው። ልጄ ዕቃ እያጠበች ልቦለድ በስልኳ ታዳምጣለች፤ ድስቱ ሳይደርቅ መጽሐፉ ያልቃል። ተራ የለ፣ ክር የለ፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ያ ሰልፍ ይናፍቀኛል። ባለፈው ያንን ታሪክ ሳወራላት «አባዬ፣ ታዲያ ከዳተኛው ማን ነበር?» አለችኝ። «ጸሐፊዋ ናት» አልኳት፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

አላውቅም። ክፍል አራት ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከነሰማያዊ ክሩ አለ፤ አንዲት ገጽ አልገለጥኩም። ሰይድ አልተመለሰም። ስልክ ቁጥሩን ከሰው ካገኘሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ «ሸሚዜ ሥር ነበር» ለማለት ፈርቼ እስከ ዛሬ አልደወልኩለትም።