ሾፌር የጠፋበት ስካነር

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት በሩ ላይ «ሁሉንም እንሠራለን» የሚል ጽፏል። እኔ ትምህርት ቤት በበሩ አልፌ እንጂ ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁትም በስተርጅና ነው። ስለዚህ ያነበብኩትን ሁሉ አምናለሁ። ታናሽ እህቴን እጇን ይዤ የገባሁትም አምኜ ነው።

እህቴ የመጣችው ከጅጋ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። ባሏ ሞቶባት አርባው በመጪው እሁድ ይወጣል። እኔ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ግሽ ዓባይ ጸበል ስል፣ ቡሬ ዘመድ ጥየቃ ስል፣ የሟች ፎቶ በትልቁ ተሠርቶ ድንኳን ውስጥ ተሰቅሎ አይቻለሁ። አይቼም ዝም አላልኩ፣ ለእህቴ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ባሏ በዕድሜው ፎቶ የተነሳው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ለቀበሌ መታወቂያ።

«መልኩ እየጠፋኝ ነው እታለም» አለችኝ። «ዓይኑ ይመጣልኛል። አፉ ግን እንዴት እንደነበር አልመጣ አለኝ። ትንሽ ጎልቶ ባየው።»

ነገሩ ይኸው ነው። ያቺ ጥፍር የምታህል ፎቶ ለእሁድ መጉላት አለባት።

የቤቱ ጌታ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው። መታወቂያውን ተቀብሎን ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ አስገባው። ስካነር ይባላል አለን። እሱ ያየውን ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩ ያጎላዋል። ቀላል ነው። ስካነሩ ግን ትንፍሽ አላለም።

ሰውዬው ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ነቅሎ እፍ አለበትና ሰካ። በሌላ ቀዳዳ ሰካ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። «ትናንት ይሠራ ነበር» አለን። አመንኩት፤ በዚህ አገር የተበላሸ ነገር ሁሉ ትናንት ይሠራ ነበር።

«ኮምፒውተሩ አላወቀውም» አለ በመጨረሻ።

እህቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። «በምን ያውቀዋል የኔ ልጅ፤ እሱ እኮ ከጅጋ ገበያ አልፎ የሄደ ሰው አይደለም።»

«ስካነሩን ማለቴ ነው እናቴ። ኮምፒውተሩ አዲስ ነው፣ ስካነሩን አላወቀውም።»

ሁለቱ ማሽኖች የተቀመጡት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጎን ለጎን ተነካክተው። የከተማ ጉርብትና እንዲህ ነው አልኩ በልቤ።

«ድራይቨሩ ጠፍቶ ነው» አለ ደግሞ።

ከኋላችን የፈተና ወረቀት ሊያባዛ ወረፋ የያዘ መምህር ነበር። ድራይቨር ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ሾፌር ማለት ነው እማማ» አለኝ፣ እውቀቱን ሳይሰስት።

«የት ሄዶ ነው ሾፌሩ?» አልኩት የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት።

«ቡሬ ጓደኛዬ ዘንድ አለ። ኔትወርክ ሲመጣ ይልክልኛል።»

«ኔትወርኩስ መቼ ይመጣል?»

«እሱን እንግዲህ...» ብሎ ጣራውን አየ። እኔም አየሁ። ከጣራው የሚመጣ ነገር አልነበረም።

ሾፌር ሆኖ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም መምጣት ያቃተው እሱ ምን ሾፌር ነው? እኛው ሄደን እናመጣዋለን አልኩ። ባለቤቱ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን እውነቴን መሆኑን ሲያይ ለጓደኛው ደወለለት። ሚኒባስ ተሳፈርን።

የቡሬው ጓደኛ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ አፍ ላይ ጠባብ ሱቅ አለችው። ሾፌሩን ልንወስድ ነው የመጣነው አልነው። መሳቢያውን ሲያምስ ቆየና አንድ ፍላሽ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ከባቄላ ብዙም አይበልጥም። «ይኸው፣ እዚህ ውስጥ ነው» አለ።

እህቴ አገላብጣ አየችው። «ይህን ያህል አንሶ ነው እንዴ የጠፋባቸው?» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ስንመለስ የሚኒባሱ ሾፌር ምን ቋጥረው ነው ቢላት፣ ሾፌር ነው አለችው። «ታዲያ ጠበቅ አድርገው ይቋጥሩት እማማ» አላት። «ወጥቶ መሪዬን እንዳይቀማኝ።»

ባለቤቱ ፍላሹን ሰክቶ ብዙ ነገር ነካካ። ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ በራ። ከስካነሩ ክዳን ሥር ብርሃን እየተንሸራተተ አለፈ። «አሁን ተዋወቁ» አለን። ለእርቁ ሽማግሌ ሆነን የደከምነው እኛ ነን፤ ምስጋናውን ግን ለራሱ ወሰደ።

ስክሪኑ ላይ የወጣው የመታወቂያው ጀርባ ነበር። ባል የለም።

«ገልብጬው ነው» አለና ክዳኑን ከፈተ። «ፊቱን መድፋት ነው፣ እንዲህ።» አስተካክሎት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። አሁንም ጀርባው። እንደገና አስተካከለ፤ አሁንም ጀርባው። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ገመዱን ነቅሎ እፍ ሊልበት ተነሳ።

ያን ጊዜ ነው እህቴን ያየኋት። እሱ ዞር ባለ ቁጥር ክዳኑን ቀስ አድርጋ ታነሳና መታወቂያውን ትገለብጠዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ይደፋብኛል እኮ። በጀርባው አንጋለን የቀበርነውን ሰው?»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ «ድፍት ያድርግህ» እርግማን ነው፤ ለጠላት እንጂ ለባል አይባልም። ለባለቤቱ ብነግረው ስለ ማሽኑ ሊያስተምረን ነው፣ ትምህርቱን ደግሞ ለዛሬ ከመምህሩ ጠግቤያለሁ።

«አንቺ፣ ከሥሩ ያለው ምንድን ነው?» አልኳት።

«መስታወት።»

«ሰው መስታወት ላይ ምን ያደርጋል?»

«መልኩን ያያል።»

«ታዲያ ተደፋ ነው ወይስ መስታወት አየ?»

አሰበችበት። «ጸጉሩን ሳያበጥር?» አለች። እጇን ግን ሰበሰበች።

ከዚያ ፊቱ ወጣ፣ ስክሪኑን ሞልቶ። የቀበሌው ማኅተም ጉንጩ ላይ ጨረቃ ሠርቷል። እህቴ አፏን ይዛ ቆመች። ባለቤቱ «አያችሁ፣ ችግሩ ድራይቨሩ ነበር» አለ። አዎ አልነው።

ደስ ሲለው ለጋስ ሆነ። ማኅተሙን አጠፋለሁ፣ ሱፍም ከነከራቫቱ አለብሰዋለሁ አለን። ጥቁር አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ግራጫ አለ።

«ጋቢ የለም?» አለችው እህቴ።

«ጋቢ የለውም እናቴ። ሱፍ ብቻ ነው።»

አገሩን ሁሉ ሙሽራ የሚያደርግ ኮምፒውተር አንድ ጋቢ አጣ። ይሁን፣ ማኅተሙን ያጥፋ አልን። ማኅተሙን ሲጠርግ የአፉ ጫፍ አብሮ ተጠረገ።

«መልስለት» አለች እህቴ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር፤ ሰውዬው ግን ወዲያው አፉንም ማኅተሙንም እንደነበረ መለሰው።

እሁድ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከነማኅተሙ፣ መታወቂያው ላይ በለበሳት አንገትጌዋ በተበላች ሸሚዙ፣ ጎልቶ ተሰቀለ። የባሏ ወንድም ቀና ብሎ አየውና «ከነማኅተሙ መሄዱ ደግ ነው» አለ። «እዚያም ቀበሌ ካለ አይጉላላም።» የለቅሶ ድንኳን መሆኑን ረስቶ ሰው ሳቀ።

እህቴ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «አፉን እዩት እስቲ» አለች። «እሱም ሊስቅ ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው።» ከዚያ በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ እህል ቅመሽ ብንላትም ቆዩ አለችን።