«ሞልቷል» የተባልንባት አዳር

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሮተርዳም

ሰኔ ነው። እዚህ አገር በሰኔ ጎህ የሚቀደው ሰው እንቅልፉን ሳይጠግብ ነው። ከክፍሌ ስወጣ አባባ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ መርከቡ እኮ ነገ ነው» አልኳቸው።

«መርከብ ሰው አይጠብቅም» አሉኝ።

እሳቸው ያውቁታል። አባቴ አቶ በላቸው በልጅነታቸው ከወሎ አሰብ ወርደው፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ወደቡ ላይ የመርከብ ገመድ ሲያስሩና ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። የግሪኩንም፣ የጃፓኑንም፣ የሩሲያውንም አስረው ፈትተዋል። አንዱም ላይ ግን ተሳፍረው አያውቁም። በጂቡቲ በኩል ወጥተው እኔ ዘንድ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። በየቀኑ ምርኩዛቸውን ይዘው ወንዙ ዳር ይሄዱና ሲመለሱ «ዛሬ አንድ ትልቅ ገባ፤ አስተሳሰሩን ግን አላወቁበትም» ይሉኛል። ስለዚህ ሰባ ዓመት ሲሞላቸው፣ የራይንን ወንዝ ይዞ ሽቅብ እስከ ጀርመኗ ኮሎኝ ደርሶ በሚመለስ የመንገደኛ መርከብ ልወስዳቸው ቆረጥኩ።

መርከቡ ከአምስተርዳም የሚነሳው ዓርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው። የአባባ ጉልበት ደግሞ ጥድፊያ አይወድም። በዋዜማው እዚያው ማደር ነበረብን። ይህ ማስታወሻ ስለ መርከቡ ሊሆን ነበር የታሰበው። ስለዚያች አንዲት አዳር ሆኖ ቀረ። አሁንም ስጽፈው ንዴቱ አልበረደልኝም።

ሦስት ሰዓት፤ ዘ ሄግ

የመርከቡን ትኬት የሸጠልን የጉዞ ቢሮ ዘ ሄግ ስለሆነ መንገድ ላይ ወረድን። ከረባታቸው በትከሻቸው ላይ የሚውለበለብ የመንግሥት ሠራተኞች በብስክሌት እያለፉን ይከንፋሉ። አባባ ቆመው ተመለከቷቸውና «ሚኒስትር ቢሆን እንኳ ይኸው ፔዳል ይመታል» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ቢሮው ውስጥ ያለችው መነጽራም ልጅ ትኬቶቻችንን ካስረከበችን በኋላ የአምስተርዳም ሆቴሎች ፎቶግራፍ ያለበት ወፍራም መጽሔት ዘረጋችልን። እኔ ዋጋ ዋጋውን ሳነብ አባባ ጣታቸውን አንዱ ላይ አሳረፉ። ጠባብ ቀይ የጡብ ቤት ነው። መስኮቶቹ ነጭ ናቸው፣ ከፊት ለፊቱ ቦይ አለ፣ ቦዩ ላይ ትንሽ ጀልባ ታስራለች።

«ይቺ ትሁን። ጀልባዋን ያሰራት ሰው ሥራ ያውቃል።»

ልጅቷ ሳቀችና እዚያው ፊታችን ስልክ ደወለች። «ደረጃ የሌለው፣ ምድር ላይ ያለ ክፍል ይኖራችኋል? ለአንድ አዛውንትና ለልጃቸው… አዎ፣ ለዛሬ፣ አንድ ሌሊት… በጣም ጥሩ።» ስልኩን ዘጋችና አድራሻውን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ቁርስን ጨምሮ በሆላንድ ገንዘብ ዘጠና ጉልደን። ለእኔ ደመወዝ ብዙ ነው። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሮተርዳም ውስጥ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ሌላ ሰው ባነጠፈው ላይ ብተኛ ማን ይከፋዋል?

ስምንት ሰዓት፤ አምስተርዳም

ከጣቢያው ስንወጣ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ተበታትናለች። ትራም የሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ስንወጣ አባባ ደረጃው ላይ ዘገዩ። ከኋላችን ያለው ሰው ሲያጉረመርም ሾፌሩ ዞሮ፣ «ቀስ ይበሉ ሜኔር፣ ትራሙ የእኔ ነው፣ እኔ ሳልል አይሄድም» አላቸው። «ሜኔር» «ጌታዬ» ማለት መሆኑን ጨምሬ ተርጉሜ ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አነሱለት። ይህን የምጽፈው ያ ከተማ ውስጥ ሰው እንደነበረም እንዲታወቅ ነው።

ቦዩ ዳር ያሉት ቤቶች ወደ ፊት ዘመም ብለዋል። እያንዳንዱ ጣሪያ ሥር የብረት መንጠቆ ወጥቷል። አባባ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ዕቃ መጎተቻ ነው! በደረጃው አይገባላቸውም ማለት ነው» አሉ። ነገሩ እውነት መሆኑ ኋላ ነው የገባኝ።

ሆቴሉን አገኘነው። ቁርጥ ፎቶግራፉን። ቀይ ምንጣፍ፣ የነሐስ ደወል፣ ጠረጴዛው ጀርባ ፀጉሩን በውኃ አበጥሮ ያስተኛ ወጣት። ጠዋት ከዘ ሄግ ስልክ የተደወለልን እኛ ነን አልኩት። መጀመሪያ ያየው እኛን ነው፤ የአባባን ኮፍያ፣ ምርኩዛቸውን፣ የእኔን ፊት። መዝገቡን ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሄላስ፣ ሜቭራው» አለ። እንግዲህ «ሜቭራው» «እመቤት»፣ «ሄላስ» ደግሞ «ያሳዝናል» ማለት ነው፤ ፊቱ ላይ ግን አንዳች ሐዘን አልነበረም። «ሞልቷል።»

«ጠዋት አለ ተብለናል።»

«ስህተት ተፈጥሮ ይሆናል።»

ከጀርባው የተንጠለጠለውን የቁልፍ ሰሌዳ አየሁ። ከአሥራ ሁለቱ መንጠቆዎች በሰባቱ ላይ ቁልፍ እንደተንጠለጠለ ነው። እንግዳው ሽርሽር ወጥቶ ቁልፉን ትቶት ይሆናል ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ሆቴል የሚሠራ ሰው ለሆቴል ሰበብ አያጣም። አባባ «ምን አለ?» ሲሉኝ «ቀን ተሳስተዋል» አልኳቸው። ዋሸሁ። ከረባታቸውን አስረው እንዲህ ያለ ነገር ልነግራቸው አልቻልኩም።

ዘጠኝ ሰዓት፤ እዚያው ቦይ ዳር

ሁለተኛው ሆቴል ድልድዩን ተሻግሮ ነው። አባባን ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ገባሁ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ አንዲት ሴትዮ ሰዓቷን እያየች «ዘገየሽ!» አለችኝ። «ባልዲው ታች ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ጀምሪ።»

እስከ ዛሬ የምቆጨው መልስ ስላጣሁ ነው። ባልዲ መያዝ አያሳፍረኝም፤ የሚያበላኝ ባልዲ ነው። ግን ሴትዮዋ ማን ነሽ ብላ አልጠየቀችም። መጠየቅ እንደሚገባት እንኳ አላሰበችም። «ክፍል ፈልጌ ነው» ስላት ጉንጯ ቀላ፤ ወዲያው ግን አገጯን ቀና አድርጋ «ክፍል የለንም» አለች። ይቅርታ እንኳ አላለችም። ከጀርባዋ በተከፈተው የክፍል በር አንድ አልጋ ይታየኝ ነበር። አንሶላው ጥጉ ላይ ሳይታጠፍ ተንጠልጥሏል። እኔ እንዲህ አንጥፌ ብገኝ በዚያው ቀን እባረር ነበር።

የሦስተኛው ቤት ባለቤት ደግ ሽማግሌ ናቸው። ሻንጣችንን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። የቀራቸው ክፍል ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ደግሞ ደረጃ አይባልም፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ነው። አባባ እንደ መደገፊያ የተዘረጋውን ገመድ ይዘው አራት ደረጃ ወጡ፣ ቆሙ፣ ቁልቁል አዩ። «ይህን ቤት የሠራው ሰው ለድመት ነው የሠራው» አሉና ወረዱ። ቀልዳቸው አላሳቀኝም። ጉልበታቸውን ሲያሹ አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

አሥር ሰዓት፤ የስልክ ሳጥን

ያኔ ነው የቆየው ጥርጣሬዬ የገነፈለው። አባባን ከሳጥኑ አጠገብ አቁሜ ሃያ አምስት ሳንቲም ከተትኩና ወደ መጀመሪያው ሆቴል ደወልኩ። ሆላንድኛዬ የሮተርዳም ነው። ሳልታይ ስናገር የሮተርዳም ወደብ ሠራተኛ ሚስት እመስላለሁ ይሉኛል የሥራ ጓደኞቼ።

ያው ወጣት ነው ያነሳው።

«ለዛሬ ማታ ምድር ላይ ያለ ክፍል ይኖራችኋል? ለሁለት ሰው።»

«በእርግጥ፣ ሜቭራው! አንድ አለን፤ ወደ ቦዩ የሚያይ።»

«ያዝልኝ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እደርሳለሁ።»

«በደስታ፣ ሜቭራው።»

ስልኩን ሰቅዬ ስወጣ አባባ ፊቴን አይተው «ማን ሞተ?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ባልዲውም ሳይቀር። ምርኩዛቸውን አነሱና ወደ መጣንበት ዞሩ።

ወጣቱ ስንገባ ሲያየን ብዕሩን አስቀመጠ።

«አሁን የደወልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ወደ ቦዩ የሚያየውን ክፍል ፈልጌ መጥቻለሁ።»

«እሱ… አሁን ተያዘ።»

«በማን?»

«ሜቭራው፣ እባክዎ አይጩሁ።»

አልጮህኩም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጮህኩ። ስድስት ዓመት የዋጥኩትን ሁሉ፣ የእሱ ያልሆነውንም ጭምር፣ እሱ ላይ አወረድኩት። አባባ ክንዴን ያዙኝ። ተይው እንሂድ ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አልፈውኝ ሄደው መስኮቱ ሥር ያለው የከፋይ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውንም አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ንገሪው» አሉኝ። «አለ ወይስ የለም? አንዲት ቃል ነው የምፈልገው። እውነቷን እስኪነግረኝ ከዚህ አልነሳም።»

ተረጎምኩ። ወጣቱ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። «ጥራ፤ ፖሊሱም እንደ እኔ ስልክ ደውሎ ክፍል አለ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል» አልኩት። እንግዶች ገቡ፣ አዩን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አባባ በመስኮቱ ቦዩን ያያሉ። ሠላሳ ዓመት መርከብ ሲጠብቅ የኖረን ሰው በመቀመጥ ማን ይችለዋል?

ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየን ከጓዳ አንድ ሹራብ የለበሱ ሰው ወጡ፤ ባለቤቱ ናቸው። ወጣቱ በጆሯቸው አንሾካሾከ። መዝገቡን አገላብጠው አዩና ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ከዚያ አንድ ቁልፍ ከሰሌዳው አውርደው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ክፍሉ አለ። ጠዋትም ነበረ። አፍሬያለሁ። ምንም አትከፍሉም።»

«ምን አሉ?» አሉ አባባ።

«አለ አሉ።»

«አለ አሉ?»

«አዎ፣ ጠዋትም ነበረ አሉ።»

አባባ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። ኮፍያቸውን አደረጉ፣ ለባለቤቱ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፣ በሩን ከፍተው ወጡ።

እኔ ቁልፉን እንደያዝኩ ቀረሁ። መልሼ ጠረጴዛው ላይ ጥዬው ተከተልኳቸው። ድልድዩ ላይ ስደርስባቸው በአገር ምድሩ ላይ የነበረኝ ንዴት ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አባባ፣ አብደዋል? ክፍሉን ሰጡን እኮ! የት ልናድር ነው?»

«ክፍሉን መች ፈለግሁ?» አሉ። «መኖሩን እንዲናገሩ ነው የፈለግሁት። ተናገሩ።»

«ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴ የኔ ነው።»

ልጅ አባቱን ሊናገር የማይገባውን ተናገርኳቸው። አልደግመውም። እሳቸው የድልድዩን ብረት ይዘው ሰሙኝና፣ ስጨርስ፣ «እዚያ ቤት ውስጥ ብተኛ እንቅልፍ ይወስደኛል ብለሽ ነው?» አሉኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ቢልመር

በሜትሮ ባቡር በከተማዋ ጫፍ ወዳለው ቢልመር ሰፈር ወረድን። እትዬ ሮማን የምትባል የድሮ ጎረቤታችን እዚያ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ትኖራለች። ደግነቱ ሊፍቱ ይሠራል። አልጋዋን ለአባባ ለቃ፣ ጉልበታቸውን በሙቅ ውኃ አሸችላቸው። ግን ደግሞ፣ «ሆቴል ምን ያደርግልሻል፣ እኔ ጋ ነይ ብዬሽ አልነበር?» አለችኝ። አዎ፣ ብላኛለች። ለመልካም ነበር ያለችው፤ እኔን ግን ይበልጥ አነደደኝ። ዘመድ ያለው ሰው ሆቴል ማደር አይገባውም ማለት ነው? ወይስ በሩን እንደሚዘጉብን ቀድመን ስለምናውቅ አናንኳኳም ማለት ነው? ያቀረበችልንን ሽሮ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። አባባ ገና ፀሐይዋ ሳትጠልቅ አንቀላፉ። እኔ ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።

ዓርብ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ከጣቢያው ጀርባ ያለው መርከብ ማቆሚያ

መርከቡ ነጭ ነው፤ ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ በመስኮቶቹ ላይ አበባ የተደረገበት። አዛውንት ጀርመኖችና ሆላንዶች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይገባሉ። ወደ ውስጥ ስንገባ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ከጠረጴዛ ጀርባ ቆሟል። ፀጉሩ የተበጠረ ነው።

ከቢልመር እስከዚያ ድረስ ሜትሮ ውስጥ የምናገረውን በሆላንድኛ ሳዘጋጅ ነበር። «ትኬት አለኝ» ብዬ እጀምራለሁ፤ «ስህተት ነው» ካለኝ የዘ ሄጓን ልጅ ስልክ እሰጠዋለሁ፤ «ሞልቷል» ካለኝ ደግሞ መርከቡ እስኪናወጥ እጮሃለሁ። ትኬቶቹን ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀመጥኳቸው።

ወጣቱ አነበባቸው። «ሜኔር በ… በላ… ቸው?» አለ፤ አፉ እየተሰናከለበት። «ይቅርታ፣ በትክክል አልኩት? እንኳን ደህና መጣችሁ። ክፍላችሁ ስድስት ቁጥር ነው፤ ደረጃ የለውም። ቁርስ ተዘጋጅቷል።» ቁልፉን ሰጠኝና ከኋላዬ ወደቆመው ሰው ዓይኑን አዞረ።

አለቀ። ሌላ ምንም የለም። እኔ ግን መንቀሳቀስ አቃተኝ። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ የሚወርድበት ሰው አጣ። ቁልፉን እንደጨበጥኩ ሰው ሁሉ እያየኝ ማልቀስ ጀመርኩ፤ የሲቃ፣ የሕፃን ልቅሶ። አባባ ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ።

«ምን አለሽ? ይኼኛውም ሞልቷል አለሽ?»

«ምንም አላለኝም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ምንም ስላላለኝ ነው፣ አባባ።»